ወንበሩ ላይ የተሰቀለው ማሊያ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚጠዘጥዝህ ቁርጭምጭሚትህስ እንዴት ሆነልህ? እዚያ ተራራው ላይ ብርዱ እስከ ግንቦት አይለቅም ይላሉ፤ ካልሲ ደርበህ ተኛ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕሩ ሰሞኑን ተቆጥቶ ከርሞ አሁን በርዷል፤ ሰርዲንም መውጣት ጀምሯል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በስልክ ለመናገር ያልደፈርከውን በወረቀት ጠየቅከኝ፤ እኔም በወረቀት ልመልስልህ፤ ስልኩ ያለው ኩሽና ነው፣ አባትህም ከኩሽና አይወጣም። አባቴ ዛሬም እንደተቀየመኝ ነው ወይ ብለሃል። ደግሞም እሁድ ልጫወት ወይስ እግሬን አመመኝ ብዬ ልቅር ብለሃል።

ስለ እሁዱ ልጀምር። ዓመቱ እንዴት እንዳለፈልን ከሩቅም ቢሆን አይተኸዋል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከፊት ሆኖ ጎል የሚያገባ ሰው አጣን። በጥቅምት አሰልጣኙን አባረሩት፤ በእሱ ቦታ የመጣው ደግሞ ገናን እንኳ ሳይውል ጥሎን ሄደ። በብርዱ ወራት ሜዳው ውሃ ቋጥሮ፣ ኳሷ ጭቃው ውስጥ እየተቀመጠች፣ የመጣው ሁሉ አሸነፈን። ይኸው አሁን የመጨረሻው ጨዋታ ቀረ። አቻ ከወጣን ሁለተኛው ሊግ ውስጥ እንቆያለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። የምንገጥመውም የአንተን ክለብ ነው። ለእናንተ ብታሸንፉም ብትሸነፉም ምንም አይለወጥም፤ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን አንተ ላይ የጣለው ለዚህ ነው።

ዳቦ ልገዛ ስገባ ባለ ዳቦ ቤቷ ዶና ኤቴልቪና ለልጅሽ ሻማ አበራሁለት አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ምን ብለሽ ለመንሽለት ብላት፣ ትንሽ ትኩሳት ብቻ፣ እሁድ ይዞት ሰኞ የሚለቀው፣ ከበድ ያለ ነገርማ አልጠየቅኩም ብላ ማለችልኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ መንገድ ላይ ግን መረረኝ። ያ ሴኞር አዴሪቶ፣ የመጀመሪያ ጎልህን ያገባህ ቀን ትከሻው ላይ ተሸክሞህ የጨፈረው፣ ከራሱ ቡና ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ ልጅሽ እሁድ ካገባ በዚህ በር እንዳያልፍ ንገሪው አለኝ። ያውም ሰው እየሰማ። እኔስ መቼ አፍ አጥቼ አውቃለሁ፤ ልጄ ያንተን እጣቢ ከሚጠጣ የባሕር ውሃ ቢጠጣ ይሻለዋል ብዬው ሄድኩ። እነሱም ቢሆኑ አይፈረድባቸውም። ከዚህ ክለብ ሌላ እሁድን የሚውሉበት ነገር የላቸውም።

አሁን ስለ አባትህ። ደህና ነን ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ስትሄድ ወጥቶ ያልሸኘህ ተቀይሞ ነበር፣ እሱ እውነት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የክለቡ ትጥቅ ያዥ ሆኖ፣ ማሊያችሁን አጥቦና ተኩሶ በየወንበራችሁ ላይ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው፤ ልጁ የሌላ ቀለም ሲለብስ አንጀቱ አረረ። ከገና ወዲህ ስልክ የማያነሳልህ ግን በቅያሜ አይደለም። ቅያሜ ነው ብለህ እንድታስብ የተውኩህ እኔ ነኝ። ቅያሜ ከሆነ ቀን ያበርደዋል ብለህ ትጠብቃለህ ብዬ ነው። አንተም ኩራትህ ይዞህ ደጃችንን ሳትረግጥ ዓመቱ አለቀ።

በየቅዳሜው የድሮውን ማሊያህን ከሳጥን አውጥቶ ይተኩሳል። ኩሽና ያለው ወንበርህ ላይ ይሰቅለዋል፣ ታኬታህንም ቅባት ቀብቶ ከሥሩ ያስቀምጣል። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ልጁ ምነው ከልምምድ ዘገየ ይለኛል። የመጀመሪያው ቀን፣ አንተ ሰው፣ ሄዷል እኮ፣ ለሌላ ክለብ ፈርሟል ብዬ ተቆጣሁት። ገና አሁን እንደሰማ ሆኖ አለቀሰ። በሳምንቱ ያንኑ ጠየቀኝ፣ ያንኑ ነገርኩት፣ ያንኑ ለቅሶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ፣ ይመጣል፣ ዝናቡ ይዞት ነው እለዋለሁ። እሱን የምታየው ሐኪምም ልክ አድርገሻል ብላኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የእኔን ስም ጠየቀኝ፤ በትሕትና፣ አንቱ ብሎ። ነገርኩትና ሽንኩርት ልከትፍ ዞርኩ።

ሬዲዮውን ግን አልረሳም። እሁድ እሁድ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቀመጣል። የክለቦቹ ስም ያልፈዋል፤ ያንተ ስም ሲጠራ ግን ብድግ ይላል። በመጋቢት በጭንቅላትህ ያገባኸውን ጎል የሬዲዮው ሰውዬ ትንፋሹ እስኪያልቅ ሲጮህበት፣ አባትህ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ የእኛ ልጅ ነው፣ ሰማሽው አለኝ። ሰማሁት አልኩት። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ተጫወት። ከቀረህ ስምህ አይጠራም፣ እሱም ሬዲዮውን እንደያዘ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ካገባህ፣ የጨዋ ልጅ እንደሚያደርገው እጅህን አንስተህ ደጋፊውን ይቅርታ ጠይቅ፤ ያሳደገህ ከተማ ነው። እኔም አለቅሳለሁ፣ የኔም ክለብ ነው። አባትህ ግን ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ እኔም አብሬው እደበድባለሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ከቡድኑ ጋር አትመለስ። በአዴሪቶ በር ሳይሆን በመረብ ሰፊዎቹ መንገድ ዞረህ በጓሮ ግባ፤ የጎመን ሾርባ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ። ማን እንደሆንክ ቢጠፋው አትደንግጥ፣ ስምህን ንገረውና ተቀመጥ። ከጨዋታ የመጣ ልጅ ሲያይ የሚጠይቀውን አንተም ታውቃለህ። እጁን ሲዘረጋልህ የቆሸሸውን ማሊያህን አውልቀህ ስጠው፣ ይጠብልህ። ቀለሙን አይቶ ይከፋዋል ብለህ አትስጋ።

እግርህን ከስብራት፣ ልብህን ከፀፀት ይጠብቅልኝ። የባሕሯ እመቤታችን መንገድህን ትምራልህ፤ የዶና ኤቴልቪናን ልመናም ሳትሰማ ትለፈው።

በኩሽናው መብራት ሥር የምትጠብቅህ
እናትህ