አክስታችን ቤት ያደርን ለት

ይድረስ ጅማ ላለሽው እህቴ ለማኅሌት። እንደምን ከርመሻል? እኛ የላስታ ብርድ ሳይበግረን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን።

እኔ ዲግሪዬን ይዤ የሥራ ማስታወቂያ አሳድዳለሁ፤ በቅርቡ ይሳካል። ገብሱም ታጭዷል። ዘንድሮ አባዬ አውድማው ዳር ተቀምጠው ነው ያዘዙን።

አንጀታቸውን በካሜራ እንዲያዩላቸው ደሴ ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ በዋዜማው ከውኃና ከማጠቢያው መድኃኒት በቀር ምንም እንዳይቀምሱ አዘዘ። ያደርነው አክስታችን ኤልሳቤጥ ቤት ነው። እኔ ለመድኃኒቱ ውኃ ልገዛ ወጣ ስል፣ «ወንድሜ ደጄ መጥቶ ጦሙን አያድርም! በሞቴ!» ብላ ምስር ወጥ በእንጀራ አጉርሳቸዋለች።

«በሞቴ ስትለኝ ምን ልበላት?» አሉኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ «አንጀታቸው አልጠራም፣ ምንም አይታይም» ብሎ መለሰን።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ መድኃኒቱን አጋምሰው «ይኼ የጨው ውኃ በቃኝ» ሲሉ፣ እኔም «በሞቴ!» አልኳቸው።

«ተምረህ ተምረህ የአክስትህን ሙያ ያዝህ?» ብለው እየሳቁ ጨለጡት።

በዚህኛው ጥርት ብሎ ታየ። ሐኪሙ እኔን ብቻ አስቀርቶ አነጋገረኝ፤ ሌላ ልጅ እንዳላቸውም ጠየቀኝ። አባዬ በር ላይ ቆመው «ምን አለህ?» ሲሉኝ፣ «መድኃኒቱን አሳምረው ጠጥተዋል አለ» አልኳቸው።

ደውዬ ያልነገርኩሽ ጉንፋን ድምፄን ስለዘጋው ነው።

ሠርግሽን ለፋሲካ ብለሽ ነበር። እህት ዓለም፣ ለጥምቀት ብታደርጊውስ? አባዬ ጋቢያቸውን ካሁኑ አሳጥበዋል።

በሞቴ።

ስለ አባዬም ስለ ራሴም ጉንጭሽን ስሜ እሰናበትሻለሁ፤ ወንድምሽ ኢያቄም።