ጥዱ የጠፋበት ጂን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የእግርሽ ጄሶ ተፈትቶ ያለ ምርኩዝ ደረጃ መውጣት መጀመርሽን በደብዳቤሽ ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ድሮም አንድ ቦታ አርፈሽ መቀመጥ አይሆንልሽም። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ያልኩት ለወጉ ነው፤ ደህና አይደለሁም፣ ፈርቻለሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ በጂን ፋብሪካው ቀማሽ ነኝ፣ አንቺ ደመወዝተኛ ጠጪ እያልሽ የምታበሽቂኝ። የእኛ ጂን ስኳር የለውም፤ ዋናው ነገሩ የጥድ ፍሬ ነው። መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ብቻ ጨምሬ አሸተዋለሁ። ያኔ ዝናብ ያባራበት ጥድ ሥር የቆምኩ ይመስለኛል። የሎሚ ልጣጩና ድንብላሉ ከኋላ ይመጣሉ። ለእንግዳ ሲቀርብ ደግሞ ብርጭቆው ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ በረዶው ተለቅ ያለ ይሆናል፤ ትንንሹ ቶሎ እየቀለጠ ያቀጥነዋል። ቶኒኩ፣ ያ መራራው ለስላሳ፣ በብርጭቆው ጎን ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፣ ከላይ አንድ የሎሚ ልጣጭ። ጭማቂው አይገባም፣ ጥዱን ያፍነዋል። ስንቱን አስተናጋጅ በዚህ ነዝንዤዋለሁ መሰለሽ።

ባለፈው ሳምንት ጂናችንን የሚገዛን ሆቴል ባርማን አንድ ጠርሙሳችንን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እትዬ፣ የዚህ ጥዱ የታለ አለኝ። ለካ ሠራተኞቹ የጥድ ፍሬውን ከረጢት ማንጠሪያው ድስት ውስጥ ሳይከቱ ነው ያፈሉት። ያንን ጂን ቀምሼ፣ መዝገቡ ላይ ጥዱ ግሩም ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አልዋሸሁም እኮ፣ ሸቶኝ ነበር። የሸተተኝ የሃያ ዓመት ልማዴ ነው።

ቤት ገብቼ ሳሙናውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ላምባውን አንድ በአንድ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩ። ምንም የለም። ጉንፋን ነው እንዳልል ጉንፋን አልያዘኝም።

ድስቱ አርሮ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት፣ እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ ምንም አይሸተኝም ያለችን ቀን ትዝ ይልሻል? ስቀንባት ነበር። ከዚያ ስማችንን እስክትረሳ ስንት ጊዜ ፈጀ? እስከ መጨረሻው አብረሻት የነበርሽው አንቺ ነሽ። እውነቱን ጻፊልኝ፣ አታባብዪኝ። ሐሙስ አዲሱ ጂን ይቀርብልኛል፤ ምን ብዬ እንደምፈርም አላውቅም።

ጭንቅላቴስ ደህና ነው። ይኸው የጂኑን አቀራረብ አንድም ሳልስት ጽፌልሻለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የእግርሽን ነገር ግን ምነው ሳትጽፊልኝ ቀረሽ? ጄሶው መቼ ነው የሚፈታልሽ? እባክሽ ከሐሳብ አሳርፊኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ