የዕርቅ ብርዝ

ደቤ ሆዴ፣ ያለህበት ሰላም ይሁንልህ። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ለሞተ ሰው አይቆጡም ይላሉ፤ እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። የቄስ ልጅ ሆኜ ፊደል የቆጠርኩትም ዝም ለማለት አይደለም።

ቤቱ እንዳለ ነው። በቅሎህን ሸጥናት። የፉሪው ማሳ ዘንድሮ ጥሩ ጤፍ ሰጠ። ልጃችንን ግርማን ሽማግሌዎቹ በአንተ ቦታ አስቀምጠውታል፤ ድንበር የተጋፋ፣ ከወንድሙ የተኳረፈ ሁሉ እሱን ይጠራል። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ቦርጭም አውጥቷል። የኦቦ ደበላ ልጅ፣ ቁርጥ አባቱን ይሉታል። ማመስገናቸው ነው።

ስንጋባ እኮ ቀጭን ነበርክ። ከሰበታ ፉሪ ድረስ በእግርህ ሄደህ፣ የተጣላ አስታርቀህ፣ ሳይመሽ ትመለሳለህ። መንገድ ላይ የለቀምከውን እንጆሪ በጋቢህ ጫፍ ቋጥረህ ታመጣልኝ ነበር። ኋላ ስምህ ሲገን በቅሎ ገዛህና እግርህ መሬት መርገጡ ቀረ። ዕርቅ በወረደ ቁጥር ሙክት ይታረዳል፤ ሽማግሌው ካልበላና ካልጠጣ ደግሞ ዕርቁ አይጸናም። ላቱ ለአንተ፣ ጠጁ ለአንተ። ስትወፍር አገሩ ደስ አለው። አባትህም እንዲሁ ወፍረው፣ እግራቸው ቆስሎ አልሽር ብሎ ነው የሞቱት፤ ያን ጊዜ መተት ነው ተባለ።

አዲስ አበባ ወስጄህ ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል። ደም ብዛትም ስኳርም አለበት፣ ዕድሜውም ገፍቷል፣ ከዘርም ወርሶታል፤ ጨው ይቀንስ፣ ጮማና ጠጅ ይተው፣ በእግሩ ይሂድ አለ። እውነቱን ለመናገር አንድ ሰሞን ሞከርክ። ዘመዶችህ ሚስቱ በረሃብ ልትጨርሰው ነው አሉ። ከዚያ ደግሞ አዘኑልህና ዘዴ ፈጠሩ፤ ጠጅ ከተከለከለ ብርዝ ይጠጣ፣ ብርዝ እንደሆነ አያሰክርም፣ ሕፃንም ይጠጣዋል ተባለ። ያው ማር አይደለም ወይ፣ ሐኪሙ የፈራው ስካሩን ብቻ መሰላችሁ ወይ ብዬ ለመንኩህ። እህትህ ወርቂቱ ፊት ዕርቅ አፍራሽ ብለህ አሳፈርከኝ። ሰው ቅር እንዳይለው እያልክ ብርሌውን ደጋገምክ። ይሉኝታ ነው የገደለህ ደቤ። ዓይንህ ፈዘዘ፣ እግርህ ቆሰለ፣ አንድ ጠዋት ግማሽ አካልህ አልታዘዝ አለህ። እነዚያ ያስታረቅካቸው ሰዎች ለቅሶ መጥተው ምነው አፉን በያዘ ኖሮ አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ባለፈው እሁድ ሙት ዓመትህን አወጣን። ጭቃ ሹሙም፣ እህትህም፣ ሽማግሌዎቹም ነበሩ። ግርማን ከላይ አስቀመጡትና ለአባትህ ነፍስ ብለው ያንኑ ብርዝ አቀረቡለት። ከዚያ ቀደም ባሉት ቀናት እንስራው አጠገብ ቆሞ ውሃ በላይ በላዩ ሲጨልጥ፣ ጠጥቶም ሳይረካ አይቼዋለሁ። ያንን ጥም እኔ አላውቀውም? አንተ ላይ አይቼዋለሁ። ተነሥቼ ብርሌውን ከእጁ ወሰድኩና ደጅ ደፋሁት። ወርቂቱ የወንድሜን ተዝካር ረገጠች ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ግርማ ቀና ብሎ አላየኝም። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው እንኳ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

ያኩርፍ። የሚያኮርፈው በቁሙ ስለሆነ ነው። ነገም እለምነዋለሁ፣ ከነገ ወዲያም እለምነዋለሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አንተን አልረሳህም ደቤ። ጋቢህንም አልሰጠሁም፣ እንጆሪ ባየሁ ቁጥርም ሆዴ ይባባል። ግን በስምህ የሚቀርብለትን ብርዝ ሁሉ እደፋዋለሁ፤ ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ። ከልጄ ጋር አንድ ሽማግሌ መጥቶ ያስታርቀናል። ከአንተ ጋር ማን ያስታርቀኛል?

ባለቤትህ