አባየና ባለካባው በራሪ

ይድረስ ለወንድሜ ለእንዳለው፣ ገዳሪፍ። ሰላምታዬ ከገንዳ ውሃ ፀሐይ ይበልጥ ሞቆ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ ሰሊጡም ሳይረግፍ ታጭዷል። ስልክህ አልነሳ ስላለ ይችን ወረቀት ለሹፌሩ ለይስማው ሰጥቻለሁ።

ትተሃት የሄድካት ባለቁልፍ ስልክ ለአባየ ሹመት ሆናለች። በውስጧ ባለው ጨዋታ ካባ ለብሶ የሚበረውን ጀግና እያዘዙ ወንበዴ ሲያስደበድቡ ይውላሉ። የአምስት ቁጥሯ ቁልፍ ከጡጫ ብዛት ተልጧል። በበዓል ግን «በሚካኤል ሥራ የለም!» ብለው ጀግናውን ጣሪያ ላይ ያሳርፉታል። እማየ «እሱስ አረፈ፤ አንተ ሰውየ መቼ ልታርፍ ነው?» ትላቸዋለች።

ሰኞ ዕለት የወንበዴዎቹን አለቃ ለመጣል አንድ ጡጫ ሲቀራቸው ስልኩ ጠራ። ሌላ ጊዜ ጨዋታ ላይ ሳሉ እንኳን ሌላውን፣ ምሳ ያቀረበችውን እማየንም ይቆጣሉ። ያን ዕለት ግን ጀግናቸውን ለሞት ጥለው «አቤት እንዳለው!» ብለው አነሱት።

ሰሊጥ ገዥው የሺዋስ ነበር። በትሕትና ሰላም ብለውት ዘጉና ጦርነቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

በል ወንድሜ፣ ጤናህን ጠብቅ፤ እማየም ትስምሃለች። ደግሞ በፈለግኸው ሰዓት ደውለህ ጨዋታቸውን አቋርጥባቸው፤ አንተን አይቆጡህም።

እህትህ አገኘሽ