የማድ ቤቱ በር ልክ

ለእትዬ፦

«እትዬ» ብዬ የጀመርኩት እጄ ከልጅነቱ ስለለመደው ነው እንጂ አክብሬሽ አይደለም። ደብዳቤ ሲጻፍ በመጀመሪያ ምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ፤ እማዬ ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጣ አስተምራናለች። ጤናሽን ግን አልጠይቅም። በስልክ ማድ ቤት ማስፈረስ የቻለ ሰው ጤና አላጣም። እኔን ከጠየቅሽ፣ አልጠየቅሽም እንጂ፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ማን እንዳሳመመኝ ዝቅ ብለሽ ታነቢያለሽ።

እማዬን ከቀበርን ወዲህ አንቺና እኔ ቃል አልተለዋወጥንም። እኔ ኩርፊያዬን ይዤ፣ አንቺም ከተማሽን ይዘሽ ተቀመጥን። ድንገት አንድ ጠዋት መልእክት ላክሽልኝ፤ ማድ ቤቱ ሊታደስ ነው፣ ሠራተኞች ይመጣሉ፣ በር ክፈቺላቸው። በቃ ይኸው ነው። ዘበኛ እንኳ «እንደምን አደርክ» ተብሎ ነው የሚታዘዘው። አንብቤ ሳልጨርስ የግቢው በር ተንኳኳ። ብወጣ አንድ አናጺና አንድ ግንበኛ መዶሻና ድጅኖ ተሸክመው ቆመዋል። አናጺው ታላቅ እህትሽ ናት የላከችን ብሎኝ፣ መልሴን ሳይጠብቅ አልፎኝ ገባ። በተወለድኩበት ቤት ተከራይ መሰልኩ።

ልመልሳቸው አስቤ ነበር። ግን አባዬ ቤቱን የተወልን ለሁለታችን እኩል ነው፤ ብመልሳቸው «ቤቱን ለብቻዋ ዋጠችው» ብለሽ ለዘመድ ሁሉ እንደምትደውዪ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ከፈትኩላቸው።

አናጺሽን «ነገ» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ምን ቢጠየቅ ሌላ መልስ የለውም። ፍርስራሹ መቼ ነው የሚወጣው? ነገ። ውሃው መቼ ይለቀቃል? ነገ። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው መጋዝ ይዞ ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር ይንሾካሾካል። እኔ ስገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እስከዚያው የጋዝ ምድጃውን መኝታ ቤቴ አስገብቼ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ትራስ ላይ እተኛለሁ። አቧራው ደግሞ ያልገባበት የለም፤ የተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የክት ልብሴ እንኳ ዱቄት መስሏል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፣ ማድ ቤቱ ባይሆን። ሳሎኑን ብታፈርሺው፣ ጣሪያውን ብታስነሺው አንድ ነገር ነው። ማድ ቤቱን ግን ምን ዓይን ኖሮሽ? ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ።

እማዬ እግሯ ሲከዳት ዊልቸሯ በማድ ቤቱ በር አልገባ አለ። የጎደለው የጥቂት ጣት ስፋት ነው። ከእማዬ ሹራብ በተረፈ ቀይ ክር የሚያስፈልገውን ስፋት ለክቼ፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥሬ በፖስታ ላኩልሽ። ቁጥር ብጽፍልሽ ዝም ብለሽ ታልፊዋለሽ፣ ክሩን በእጅሽ ስትይዢው ግን ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደምለምንሽ ይገባሻል ብዬ ነበር። ከዊልቸሩ ስፋት ላይም ጨመር አድርጌበታለሁ፤ ጎማውን በእጇ ስትገፋ የጣቷ አንጓ በመቃኑ እንዳይላጥ። አንቺ ደውለሽ ምን አልሽ? አባዬ በእጁ የገነባውን ግድግዳ ለጥቂት ወር ብዬ አላስፈርስም አልሽ። «ጥቂት ወር» ያልሽው የእማዬን ቀሪ ዕድሜ ነው። እኔው በመዶሻ ልንደው ስነሳ ደግሞ እማዬ ራሷ ከለከለችኝ፤ በእኔ ምክንያት እህትማማቾች እንዳትጣሉ አለችኝ። እንዳንጣላ!

ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን አስግጋ፣ ጨው ጨምሪ፣ ክዳኑን አንሺለት፣ ሊያርብሽ ነው እያለች የራሷን ማድ ቤት እንደ እንግዳ ከውጭ ታየው ነበር። ሊያርብኝ መሆኑን ከእኔ በፊት የእሷ አፍንጫ ነበር የሚያውቀው። አንድ ቀን ድስቱን ይዤላት ወጥቼ እስቲ አንቺው አማስዪው አልኳት። ማማሰያውን አንዴ አዙራ መለሰችልኝ። እዚህ ደስ አይልም አለችኝ። ማድ ቤቷን ሳትረግጥ ሞተች።

ለቀብሩ መጥተሽ ደግሞ ምን እንዳደረግሽ አልረሳሁም። ቤቱ በሰው ተጨናንቆ እኔ ስሯሯጥ፣ አንቺ የማድ ቤቱን መቃን ይዘሽ እንደ ተመልካች ቆመሽ ዋልሽ። አንዲት ሰሃን አላነሳሽም። ጎረቤቶች እንኳ ታላቋ ኮርታለች ብለው ሲያሙሽ ሰምቼ አላስተባበልኩልሽም።

አሁን ሰው ካለቀ በኋላ ማድ ቤት ታሳምሪያለሽ። ማሳመሩስ በሆነ! አባዬ የሰቀላቸውን መደርደሪያዎች አስነቀልሽ። መክተፊያ ጠረጴዛውን እስከ ጭኔ ድረስ አወረድሽው። «ቀውላላዋ» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ቁመቴ ጠፍቶሽ አይደለም። ሽንኩርት ለመክተፍ እንደ አራሚ አጎንብሼ፣ ስጨርስ ግድግዳ ይዤ ነው የምቃናው። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ባዶ ነው፤ መዝጊያ የለው፣ መሳቢያ የለው። ድስቶቹን የት ላድርጋቸው ብዬ አናጺሽን ብጠይቀው «ነገ» አለኝ። የቧንቧው እጀታ ክሊኒክ እንዳለው ረጅም ነው፤ በክርንም ይከፈታል። ማብሪያ ማጥፊያው ወርዶ ወገቤ ጋ ደርሷል። ሁላችንንም ሲያደናቅፍ የኖረውን ደፍ እንኳ አስነስተሽ ወለሉን አስተካክለሽዋል።

ይህ ሁሉ ለማን ነው ብዬ «ነገ»ን ያዝኩት። ከፍ ላድርገው ብዬ ብጠይቃትም ዝቅ ይበል ብላ ደጋግማ ነው የደወለችው አለኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩና ደረስኩበት። ድንክዬ ጠረጴዛ፣ ድንክዬ ማብሪያ፣ የማያደናቅፍ ወለል። ቤቱን ለሕፃናት ማዋያ አከራይተሽ እኔን ልታስወጪኝ ነው! እንግዲያውስ ስሚ። እማዬን ያጠብኩበትን፣ ያዘልኩበትን ቤት ለቅቄ የትም አልሄድም። ሌላ ቤት የለኝም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። በሩ ላይ አንጥፌ እተኛለሁ፤ ሕፃናቱ እየረገጡኝ ይግቡ።

*

እስከዚህ ጽፌ በንዴት ትቼው ተነሳሁ። ዛሬ ነው የቀጠልኩት። የላይኛውን ልቅደደው አልኩና ተውኩት። አንብቢው፤ አይበዛብሽም።

ትናንት የበሩ ተራ ደረሰ። ግንበኛው ግድግዳውን መምታት ሲጀምር ኮሪደሩ ላይ፣ የእማዬ ቦታ ላይ ቆሜ አየሁት። ለእማዬ እምቢ ያለ ግድግዳ ምሳ ሳይደርስ ወደቀ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ከዚያ አናጺው «ነገ» ለአዲሱ መቃን ሊለካ እጁን ኪሱ ከተተ። ሜትር የሚያወጣ መስሎኝ ነበር። ቀይ ክር አወጣ።

ክሩ ደብዝዟል፤ ቋጠሮው ግን የእኔ ነው። ስቋጥር ሁለቴ እንደማጠብቅ ታውቂያለሽ፤ በልጅነታችን የጫማሽን ማሰሪያ በተንኮል ቋጥሬብሽ በጥርስሽ ነበር የፈታሽው። «ነገ» እያጉረመረመ ለካ። በሹራብ ክር በር ይለካል ወይ፣ ይህ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ቁጥሩን ንገሪኝ ብላት፣ ሳትስበው ክሩን ብቻ ተከተል ብላ ላከችልኝ አለ።

ክሩን ከእጁ ነጠቅኩት። ያኔውኑ የጣልሽው ነበር የሚመስለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ የት አስቀምጠሽው ኖሯል? ለእማዬ እምቢ የተባለ ልክ ዛሬ ለማን ተፈቀደ ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ ፍርስራሹን መልቀም ጀመረ።

ዕቃ ቤት ሄጄ የእማዬን ዊልቸር አወጣሁ። አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ተቀመጥኩበትና ጎማውን በእጄ ገፋሁት። በፈረሰው በኩል ገባሁ፤ አንጓዬን የነካው ነገር የለም። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ጉልበቴ ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ገባ፣ ክርኔም ከላይ በልኩ አረፈ። ቧንቧውን ሳልንጠራራ ከፈትኩት። መብራቱን ከተቀመጥኩበት አበራሁት። ወገቤን አላመመኝም። የሕፃናት ማዋያ አልነበረም።

«ነገ» ቆሞ ያየኛል። ለእህቴ እንዳትነግራት ብላ አስምላኛለች፣ እኔ አልነገርኩሽም፣ አንቺው ነሽ ያየሽው አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አመለጠው፤ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው በመስኮቱ የግቢያችን ዛፍ ይታያል ወይ ብለሽ ጠይቀሽው ነበር አሉ። ይታያል። ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

ከዚያ አለቀስኩ። ደስ እንዳይልሽ፣ ከንዴት ነው። ለአናጺ የተነገረ ነገር ለእኔ ተደበቀ! እሱ ምስጢረኛ፣ እኔ በር ከፋች! ምኔን ፈርተሽ ነው? ትሰድበኛለች ብለሽ ከሆነ ልክ ነሽ፣ እሰድብሻለሁ። የእማዬን በር ታነሳብኛለች ብለሽ ከሆነም አነሳብሻለሁ፤ ቁርስ ላይም እራት ላይም አነሳብሻለሁ። የእሷ ነገር እንዲገባሽ የግድ በራስሽ መድረስ ነበረበት? ይህን መጻፌ ጭካኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልሰርዘውም። ሌሊቱን ደግሞ ሌላ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በቀብሩ ዕለት ያንን መቃን ይዘሽ የዋልሽው ኮርተሽ አልነበረም ማለት ነው? ያኔ ጀምሮሽ ነበር? ታዲያ እንዲያ ስትታሚ አፍሽ የት ሄደ?

አሁን ደግሞ ተራሽ ነው፣ የእኔን ትእዛዝ ስሚ። «ነገ»ን የጠረጴዛውን ግማሽ በእኔ ቁመት ከፍ እንዲያደርገው አዝዤዋለሁ። ላንቺ ሳልደውል አልችልም ሲለኝ መዶሻውን ደበቅኩበት፤ ተስማማን። ዝቅ ያለው ያንቺ፣ ከፍ ያለው የእኔ። በእኔ በኩል እጅሽን እንዳላይ። ድስቶቹም በእኔ በኩል ይገባሉ፤ ስትፈልጊ ትጠይቂኛለሽ፣ ደስ ካለኝ አቀብልሻለሁ። ከዚህ ቤት የምትወጣ የለችም።

ደግሞ ብልጥ ነኝ ብለሽ ማብሪያ ማጥፊያውን ሳይቀር አሰብሽ፤ ከግቢው ወደ ቤት የሚያስገባውን ደረጃ ግን ረሳሽው! በምን ልትገቢ ነበር? እንዳዝልሽ ነው? አላዝልሽም፤ ከእማዬ የተረፈውን ወገቤን በጠረጴዛሽ ጨርሰሽዋል። ግንበኛው ሊሄድ ሲል ይዤ በተረፈው ሲሚንቶ ደረጃውን አስደፍኜ ዘቅዘቅ ያለ መግቢያ አሠራሁት። ጎማ እንዳያንሸራትት ላዩን ሸካራ እንዲያደርገው እስኪሰለቸው ድረስ ራሱ ላይ ቆምኩ። ሳይደርቅ የጎረቤት ድመት ሄዳበት ዱካዋ ቀርቷል። ካላማረሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ እለፊው።

ይቅር አላልኩሽም። ይህን ሁሉ ሳስደርግ ይቅር እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ክሩንም አልመልስልሽም፤ የእማዬ ነው።

እንግዲህ እግዚአብሔር ጉልበት ይስጥሽ። መንገዱን አቅንቶ በሰላም ያምጣሽ። ይህን ስመርቅሽ ከላይ ካልኩሽ አንዱንም አንስቼ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሆነ ብዬ የዘለልኩትን አሁን እንደ እማዬ አስተማረችን አድርጌ ልጠይቅሽ። ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ለአናጺው የነገርሽውን ያህል እንኳ ለእኔም ንገሪኝ።

ስትመጪ ኮሪደሩ ላይ፣ የማድ ቤቱ በር ጋ ስትደርሺ ትንሽ ቁሚ። እማዬ የምትቀመጠው እዚያ ነበር። ከዚያ ግቢ።

ታናሽሽ