እናትሽ ያልጻፈችው ዓረፍተ ነገር

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ
ከሆስፒታል

ለምወድሽ ልጄ፤

ካለሽበት ክፉ ነገር አይድረስብሽ። ጽሕፈቱ የእኔ አለመሆኑን አይተሽ አትደንግጪ፤ እኔ እየተናገርሁ እናትሽ ትጽፋለች። ቀኝ እጄ እስክሪብቶ መጨበጥ ተስኖታል። እንደጨረሰችም በስልክ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች።

የአንገቴን ሕመም ትራሱ አመጣው ብዬ ነበር። ትኩሳቱንም ለማንም አልተነፈስሁም፤ ሰው በየሕመሙ ማቃሰት የለበትም ብዬ ያሳደግኋችሁ እኔ ነኝና። ትናንት ግን ሸሚዜን መቆለፍ አቃተኝ። እናትሽ አይታ "በል ተነሥ" አለችኝ፤ ሳልከራከር ተነሣሁ።

ሐኪሙ እንዳለው፣ በአንገቴ አጥንቶች መካከል ኢንፌክሽን ገብቶ መግል ቋጥሯል፤ መግሉም ሕብለ ሰረሰሬን እየተጫነው ነው። "መድኃኒቱ ብቻውን አይደርስልንም። ከዘገየን እግርዎም እንደ እጅዎ ይሆናል" አለኝ። ነገ ጠዋት አንገቴን ከፊት ለፊት ከፍቶ፣ የምግብና የአየር ቧንቧዬን ገለል አድርጎ መግሉን ይጠርጋል፤ የተበላውንም አጥንት አውጥቶ በብረት ይደግፈዋል። ድምፄ ሊሰልል እንደሚችል አልደበቀኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በድምፄ ያስተማርሁ ሰው ነኝና "ይመለሳል ወይ?" አልሁት። "አብዛኛውን ጊዜ" አለ። ይህችን መልስ ሳገላብጣት ውያለሁ።

ነርሷ የአንገት ድጋፉን ስታስርልኝ፣ "አባባ፣ ተማሪዎችዎ 'ማስመሪያው' ይሉዎት ነበር አሉ። እውነትም ዛሬ ሆኑ" ብላ ሳቀች። ማን እንደነገራት አላጣሁትም፤ እናትሽ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ልቤ ጽናት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። እናትሽ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

"በዚህ ቤት ሐሰት አይጻፍም ያልኸው አንተ ነህ" አለችኝ።

"ሐሰት መሆኑን በምን ዐወቅሽ?"

"እጄን ልቀቀኛ።"

በግራ እጄ ይዣት ኖሯል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯ ቀርታለች።

መኝታ ክፍል ስልክ እንዳይገባ ያወጣሁትን ደንብ ታውቂያለሽ። ዛሬ ትራስጌዬ እንዲያድር ፈቅጃለሁ። ደውዪ ማለቴ አይደለም፤ ሥራ እንዳለብሽ ዐውቃለሁ። ድምፄ ግን እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ያው የምታውቂው ነው።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ።

አባትሽ

ፊርማው የራሴ ነው። በግራ እጄ ስለሆነ ተጣሟል።