የሻምበል መብራትና የምጽዋ ውሃ

አባባዬ፣

እንደምነህ ልበልህ? አንተ ያለህበት ላለ ሰው እንዲህ ይባል አይባል አላውቅም፤ አስተማሪዬ እዚህ ላይ ሳይደርስ ነው ከትምህርት ቤት ያባረሩኝ። ከሄድክ ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። ተዝካርህ በወጉ ወጥቷል። የካ ሚካኤል መቃብርህ ላይ የተከልናት ጥድ ይዛለች፤ ፍየል እንዳይበላት እየሄድኩ አያታለሁ። ብትኖር «ፍየሏ አንቺው ራስሽ ነሽ» ትለኝ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ዓሣህ ስለ ሻምበል ነው።

ያ ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ሲገባ የመስታወት ገንዳውን ከነዓሦቹና ከነመብራቱ ትቶልህ ሲሄድ ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀብን ታስታውሳለህ? «ሰው በግ ያስራል፣ ይሄ ሾፌር ዓሣ ያስራል» አሉህ። አንተ ግን በትሬንታ ኳትሮ መኪናህ ከምጽዋ በተመለስክ ቁጥር አንድ በርሜል የባሕር ውሃ ከጭነቱ ጎን አስረህ ትመጣለህ። በራፉ ላይ በርሜሉን በመዳፍህ መታ መታ ታደርግና ጣትህን ነክረህ ታቀምሰኛለህ። ፊቴን ሳጨማድድ «ባሕሩ ቤት ገባ!» ትላለህ።

ያ በቆርቆሮ ሣጥን የተሸፈነው ወይን ጠጅ መብራትስ! ውሃው በሞተር እየተሳበ በቱቦ በአጠገቡ ሲያልፍ ጨረሩ በዓይን የማይታየውን ተባይ ይገድላል ብሎህ ነበር ሐኪሙ። አልትራቫዮሌት የሚለውን ስም እንግዳ በመጣ ቁጥር ደረትህን ነፍተህ ትጠራዋለህ። እኔ ደግሞ ለጎረቤታችን ለእትዬ በላይነሽ፣ ጾም የገደፈ ሰው በዚህ መብራት ፊት ከንፈሩ አረንጓዴ ይሆናል ብዬ ነገርኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ቤታችን የምትገባው አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው። አንተም ልትቆጣኝ ጀመርክና ሳቅህ አመለጠህ፤ ጓዳ ገብተህ ስትስቅ ሰምቼሃለሁ።

አሁን ግን የሚያስቅ ነገር ጠፋ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ዓሦቹ ተራ በተራ አለቁ። መጀመሪያ ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ገላቸው ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በጎናቸው ይተኛሉ። መብራቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋም። በመጨረሻ ሻምበል ብቻ ቀረ፤ ያ ቢጫው፣ ሰልፍ ላይ ያለ ይመስል ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው፣ ስሙን አንተ ያወጣህለት። እማዬ ካንተ በኋላ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም፤ ከሱ ጋር ግን ታወራለች። ጠዋት ተነስታ «አደርክ?» የምትለው እሱን ነው። እሱ ላይም ነጠብጣቡ የታየ ዕለት እህል አልቀመሰችም። እኔ የፈራሁት ለዓሣው አይደለም አባባ።

ወንድምህ ጋሼ ዘለቀ መጣና ገንዳውን ዞሮ ዞሮ አየው። «አምፖሉ አርጅቶ ነው። ቢበራም ጨረሩ አልቋል። አዲስ ይምጣና ታያላችሁ» አለ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ገንዳው ሥር ተቀምጬ ሳይ ዋልኩ። መብራቱ የሚያገኘው በቱቦው ያለፈውን ብቻ ነው። ሻምበል ገላ ላይ የተጣበቀውን፣ አሸዋው ውስጥ የተኛውን በምን ያገኘዋል? «ሻምበልን ጠቅልለን በቱቦው ካላሳለፍነው በቀር ምን ዋጋ አለው?» ብለው፣ «አምስተኛ ክፍልን ሳትጨርሺ ሐኪም ሆንሽ?» አለኝ። «አንተስ ጋሼ፣ ጨርሰህ ምን ሆንክ?» አልኩት። እማዬ አልሳቀችም። ድሮ በዚህ ትስቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ለማናችንም ሳትናገር እንጦጦ ወጣች። በአንተ ጀሪካኖች ጠበል አስቀድታ በአህያ አስጭና ተመለሰች። የገንዳውን ውሃ ግማሹን ጨልፋ ደፋችና ጠበሉን ሞላችበት። ጋሼ ዘለቀ «የባሕር ዓሣ በምንጭ ውሃ! ገደልሽው!» ብሎ ጮኸ። እሷ አማተበች፣ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔም ሞተ ብዬ ነበር። ግን አባባ፣ ነጠብጣቡ ቀስ በቀስ ረገፈለት። ጋሼ «ጨው ሲቀንስ ተባዩ መቋቋም አቅቶት ነው» ይላል፤ እማዬ «ጠበሉ ነው» ትላለች። እኔ ዝም አልኩ። እኔ! ብታየኝ አሟታል ብለህ ግንባሬን ትዳስስ ነበር።

ሻምበል ግን የባሕር ልጅ ነውና ገላው ቢጠራም አቅም አጣ። ጥግ ይዞ ጉንጩን ያርገበግባል። ያመጣህልን የመጨረሻው በርሜል ደግሞ ባዶ ሆኗል። ይሄኔ ነው ባልደረባህ ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ምጽዋ ሊወርድ ሲል ብቅ ያለው። «ጊዜዬ ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ወይ አስመራ ቆሜ አምፖሉን ላፈላልግ፣ ወይ ምጽዋ ላይ ውሃ ልቅዳ። የቱን?» አለ።

ጋሼ «አምፖሉን!» አለ። እማዬ እኔን አየችኝ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አልመጣልሽም አለኝ። ከዚያ ሳላስበው «አባባ እያለም እኮ መብራቱ ይኸው ነበር፣ አምፖሉም ይኸው ነበር። የቀረብን መብራቱ አይደለም፤ የቀረብን እሱ ነው» ብዬው አረፍኩ።

አየህ አባባ፣ በየጉዞው ያመጣኸው አዲስ ውሃ ነበር ያኖራቸው። አንተ ግን ራስህን ትተህ ለእንግዳ ሁሉ መብራቱን ስታሞግስ ኖርክ።

እማዬ ጋሽ ሙሉጌታን «ውሃውን አምጣልን» አለችው።

መብራቱን አጥፍቼዋለሁ። ለእትዬ በላይነሽ ግን አልነገርኳትም።

ጋሽ ሙሉጌታ ገና አልተመለሰም። ከመንገዱ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር እማዬ ቀና ትላለች፣ እኔም በሩ ላይ ነኝ። ውሃው ለሻምበል ይድረስለት አይድረስለት አላውቅም። ሰው ሁሉ ላይ ብቀልድም ይህን አንተን ልዋሽህ አልችልም። ቃሌ ግን ይኸውልህ፤ በርሜሉ ሲመጣ በመዳፌ መታ መታ አደርገዋለሁ። ጣቴን ነክሬ እቀምሰዋለሁ፣ እማዬንም አቀምሳታለሁ። ፊቷን ስታጨማድድ ያንተን ቃል ጮክ ብዬ እላታለሁ፤ ሻምበል ቢቆየንም ባይቆየንም።

መዘዘኛዋ ልጅህ